በመልእክቱ ላይ የሚጨመር ምልክት፦ አር ኤን ኤ፣ በሽታ የመከላከል ሥርዓትና በስኳር ሕመም የሚጎዳው ኩላሊት

በስኳር በሽታ ሳቢያ የሚደርሰው የኩላሊት ጉዳት ለረጅም ዘመን ሲብራራ የኖረው በስኳርና በደም ግፊት ብቻ ነበር፤ ስኳር የበዛበት ደም ማጣሪያውን ያጨናንቃል፣ ግፊቱም ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ያደነድናል፣ ኩላሊትም ቀስ በቀስ ይደክማል ይባል ነበር። ማብራሪያው ስሕተት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ጎደሎ ነበር፤ ምክንያቱም የስኳር መጠናቸው ተቀራራቢ ከሆነ ሁለት ታማሚዎች መካከል የአንዱ ኩላሊት ለአሥርት ዓመታት ጸንቶ ሲቆይ የሌላው ፈጥኖ የሚወድቅበትን ምክንያት፣ እንዲሁም ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ ጉዳቱ ወደፊት መግፋቱን የሚቀጥልበትን ምክንያት ሊያስረዳ አልቻለም። ይህ የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት የሚያተኩረው ከዚህ ጉድለት ውስጥ አንዱን ክፍል ሊሞላ ይችላል ተብሎ በሚጠና ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም በሽታ የመከላከል ሥርዓት በኩላሊት ውስጥ የሚቀሰቀስበትና የሚገታበት ትእዛዝ፣ አር ኤን ኤ በተባለው የሕዋስ መልእክት ላይ በሚጨመሩ ጥቃቅን ኬሚካዊ ምልክቶች አማካይነት የሚለዋወጥበት መንገድ ነው። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የችግሩ ስፋት ለጉዳዩ ክብደት ይሰጠዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ለ2024 ባስቀመጠው ግምት መሠረት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት ከሚሆን የዓለም ሕዝቦች መካከል 589 ሚሊዮን ያህሉ ከስኳር በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከእነዚህም በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ ከተያዙት ወደ 30 በመቶ፣ በሁለተኛው ዓይነት ከተያዙት ደግሞ ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የኩላሊት ጉዳት እንደሚደርስባቸው ይገመታል። የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ወደሚያስፈልግበት ደረጃ ከሚያደርሱ ምክንያቶች መካከልም በብዙ አገሮች ቀዳሚውን ቦታ የያዘው ይኸው ሕመም ነው።

እያንዳንዱ ኩላሊት ኔፍሮን የተባሉ አንድ ሚሊዮን ያህል የማጣሪያ ክፍሎች አሉት፤ የእያንዳንዱም ኔፍሮን መነሻ ግሎሜሩለስ የሚባል የቀጫጭን ደም ሥሮች ጥቅል ሲሆን፣ ሁለቱ ኩላሊቶች በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ አጣርተው አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሳሉ። በግሎሜሩለስ ውጫዊ ገጽ ላይ ፖዶሳይት የሚባሉ ሕዋሳት በጣት መሰል ቅርንጫፎቻቸው ተያይዘው ፕሮቲን ወደ ሽንት እንዳያመልጥ ያግዳሉ፤ እነዚህ ሕዋሳት ከሞቱ በበቂ መጠን ራሳቸውን የማይተኩ በመሆናቸው የእያንዳንዳቸው መጥፋት ከባድ ኪሳራ ነው። ፖል ኪመልስቲልና ክሊፎርድ ዊልሰን በ1936 በስኳር ታማሚዎች ግሎሜሩለስ ውስጥ የተመለከቷቸውን እብጠት መሰል ጠባሳዎች ከገለጹ ወዲህ ሕመሙ በአጉሊ መነጽር ሥር ሊታወቅ ችሏል፤ በሐኪም ቤት ደግሞ የመጀመሪያው ምልክት አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን በሽንት ውስጥ መገኘቱ ነው።

በእነዚያው የኩላሊት ናሙናዎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት እንደ ተጓዳኝ ነገር ብቻ የታየ ሌላ እውነታ ነበረ። በጠባሳው ዙሪያ ማክሮፌጅ የሚባሉት፣ በተለመደው ሥራቸው ጀርምንና የሞተ ሕዋስን የሚውጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰብስበው ይታያሉ፤ ቁጥራቸው ሲበዛም የኩላሊቱ ጉዳት የከፋ ሆኖ ይገኛል። በኩላሊቱ ውስጥ ጀርም የለም፤ ሆኖም በስኳር፣ በግፊትና በተበላሹ ፕሮቲኖች የተጨነቁት የኩላሊት ሕዋሳት ራሳቸው የጥሪ ኬሚካሎችን ይረጫሉ፤ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የተባለው ፕሮቲን በሕዋሱ አስኳል ውስጥ የብግነት ዘረ መሎችን ያነቃል፤ ብግነት ማለትም ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም የሚሰጠው የመቆጣት ምላሽ ነው። ማክሮፌጆቹ ጥሪውን ተከትለው ይመጣሉ፤ ሳይቶካይን የሚባሉትን በሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖች ያመነጫሉ፤ እነዚህም ተጨማሪ ነጭ ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ በመጨረሻም የማጣሪያው ሥጋ በጠባሳ ይተካል። በ2012 በአሜሪካ ቦስተን የሚገኘው የጆስሊን የስኳር በሽታ ማእከል ተመራማሪዎች ቲ ኤን ኤፍ የተባለው የብግነት ሳይቶካይን ተቀባዮች በደም ውስጥ ከፍ ብለው የተገኙባቸው የስኳር ታማሚዎች፣ ኩላሊታቸው ወደ መጨረሻው የድካም ደረጃ የመድረስ ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ብግነት የጉዳቱ ውጤት ብቻ ሳይሆን የሕመሙ አንቀሳቃሽ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ሆኗል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ዋና ጥያቄ በሽታ የመከላከል ሥርዓት የሚቀሰቀስበት ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ከተቀሰቀሰ በኋላ የማይቆምበት ምክንያትም እንጂ። ጤናማ በሆነ አካል ብግነት መነሻ እንዳለው ሁሉ መግቻም አለው፤ መግቻዎቹም ፕሮቲኖች ናቸው፤ ፕሮቲኖቹ የሚሠሩት በዘረ መል ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙን ከዲ ኤን ኤ ቀድቶ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚያደርሰው ደግሞ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ነው። ስለዚህ መልእክቱ በመንገድ ላይ ቢጠፋ፣ ዘረ መሉ ምንም ያህል ጤናማ ቢሆን፣ መግቻው አይሠራም። የመልእክቱን ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በላዩ ላይ የሚቀመጠው ኬሚካዊ ምልክት ነው።

አር ኤን ኤ የሚጻፈው አዴኖሲን፣ ጓኖሲን፣ ሳይቲዲንና ዩሪዲን በተባሉ አራት ኬሚካዊ ፊደላት ነው፤ ነገር ግን ፊደላቱ ከተጻፉ በኋላ ሕዋሱ በአንዳንዶቹ ላይ ጭማሪ ያደርጋል፣ አንዳንዶቹንም ቅርጻቸውን ይለውጣል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ለውጥ፣ ሱዶዩሪዲን የተባለው፣ በ1951 የታወቀ ሲሆን እስከ ዛሬ ከ170 በላይ የሚሆኑ ዓይነቶች ተለይተዋል። በመልእክተኛው አር ኤን ኤ ውስጠኛ ክፍል ላይ በብዛት የሚገኘው በአዴኖሲን ፊደል ላይ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን የያዘ ሜቲል የተባለ ቅንጣት የሚጨመርበት ለውጥ ሲሆን፣ በሳይንሳዊ አጠራሩ ኤን 6 ሜቲል አዴኖሲን፣ ባጭሩ ኤም 6 ኤ ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሊቃውንት ከፊደሉ በላይ የሚያኖሯቸው ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ቁርጥና ሌሎቹ ምልክቶች ቃሉን ሳይለውጡ አዜያዜሙን እንደሚወስኑ ሁሉ፣ ኤም 6 ኤ የተባለውም ምልክት የመልእክቱን ትርጉም ሳይነካ መልእክቱ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ወዴት እንደሚሄድና ስንት ጊዜ ወደ ፕሮቲን እንደሚተረጎም ይወስናል።

ኤም 6 ኤ በመልእክተኛ አር ኤን ኤ ላይ መኖሩ የታወቀው በ1974 ቢሆንም ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ብዙም ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል፤ ምክንያቱ ምልክቱ በየትኛው መልእክት፣ በየትኛው ቦታ ላይ እንደተቀመጠ የሚያሳይ ዘዴ አለመኖሩ ነበር። በ2011 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቹዋን ሄ የምርምር ቡድን ኤፍ ቲ ኦ የተባለው ፕሮቲን ምልክቱን ሊፍቅ እንደሚችል ሲያሳይ ጉዳዩ አዲስ መልክ ያዘ፤ የሚጻፍና የሚፋቅ ምልክት ሕዋሱ እንደ ሁኔታው የሚጠቀምበት መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላልና። በዓመቱ፣ በ2012፣ ከ7 ሺህ በሚበልጡ የሰው ዘረ መሎች መልእክቶች ላይ ከ12 ሺህ በላይ የምልክቱ ቦታዎች በካርታ ተለይተው ቀረቡ። ስለ ኤፍ ቲ ኦ እግረ መንገድ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ፤ ይህ ዘረ መል በ2007 ዝናን ያተረፈው ከሰውነት ውፍረትና በውፍረት በኩል ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጋር ዝምድና ያለው ሆኖ በመገኘቱ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች ግን በውፍረት ረገድ የተገኘው የዘር ልዩነት በዋናነት የሚሠራው በአጎራባች ዘረ መሎች በኩል መሆኑን ስላመለከቱ፣ ኤፍ ቲ ኦ ምልክት ፋቂ መሆኑና ከውፍረት ጋር መያያዙ እንደ አንድ ነገር ሊቆጠሩ አይገባም።

ተመራማሪዎች በዚህ ምልክት ዙሪያ የሚሠሩትን ፕሮቲኖች በሦስት ከፍለው ጸሐፊ፣ ፋቂና አንባቢ ይሏቸዋል። ከጸሐፊዎቹ ዋናው ሜትል 3 ሲሆን ከጓደኛው ከሜትል 14 ጋር ተጣምሮ ይሠራል፤ ፋቂዎቹ ኤፍ ቲ ኦና አልክ ቢ ኤች 5 ናቸው፤ አንባቢዎቹ ግን ብዙ ናቸው፣ ባሕርያቸውም ይለያያል። ዋይ ቲ ኤች ዲ ኤፍ 2 የተባለው አንባቢ ምልክት ያለበትን መልእክት ይዞ ወደ መፍረሻው ይወስደዋል፤ አይ ጂ ኤፍ 2 ቢ ፒ የሚባሉት አንባቢዎች ደግሞ በተቃራኒው መልእክቱን ከመፍረስ ጠብቀው ያቆዩታል። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ አይቶ መልእክቱ ይጠፋል ወይም ይጸናል ማለት አይቻልም፤ ፍርዱ ያለው በአንባቢው እጅ ነውና። ብዙ ጊዜ በጋዜጦች ላይ ኤም 6 ኤ ጎጂ ነው ወይም ጠቃሚ ነው ተብሎ በአንድ ቃል ሲደመደም የሚታየው ይህ ነጥብ ስለሚዘነጋ ነው።

የመግቻዎቹን ነገር በግልጽ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች ዋነኛው ሶክስ የተባሉት ፕሮቲኖች ታሪክ ነው። አንድ ሳይቶካይን በሕዋሱ ውጫዊ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ጃክ እና ስታት የተባሉት ፕሮቲኖች ዜናውን ተቀባብለው ወደ አስኳሉ ያደርሱታል፤ ሶክስ ደግሞ ይህን ቅብብሎሽ የሚያቋርጥ፣ ሕዋሱ ራሱን ለማረጋጋት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በ2017 የታተመ ጥናት ሜትል 3 ከቲ ሕዋሳቶቻቸው የተወገደባቸውን አይጦች መርምሮ ነበር፤ ቲ ሕዋሳት ማለት የበሽታ መከላከሉን ዘመቻ የሚመሩና የሚፈጽሙ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ጸሐፊው በመወገዱ የሶክስ መልእክት ምልክት አጣ፤ ምልክት በማጣቱም ሳይፈርስ ቆየ፤ ሶክስ በሕዋሱ ውስጥ በረከተ፤ በዚህም ገና ያልሠለጠኑት ቲ ሕዋሳት ለሳይቶካይኑ ጥሪ መልስ ሳይሰጡ፣ ሳይባዙና ወደ ተዋጊነት ሳይለወጡ ቀሩ፤ ወደ ሌሎች አይጦች ሲዛወሩም እንደ ጤናማዎቹ ቲ ሕዋሳት የአንጀት ብግነት አላስነሡም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሜትል 3ን ማገድ ብግነትን ለማብረድ ቀላል መንገድ ይመስል ነበር። በ2018 የወጣው ጥናት ግን ተመሳሳዩን ሥራ በሌላ ዓይነት ቲ ሕዋሳት፣ ማለትም ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ በሚያረጋጉት ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ላይ አከናወነ። እዚያም ሶክስ በረከተ፤ እዚያም የሳይቶካይኑ ዜና ተቋረጠ፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ አረጋጊዎቹ ሥራቸውን መሥራት ስላቃታቸው አይጦቹ በመላ አካላቸው የተሠራጨ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ከባድ ሕመም ያዛቸው። ያው ምልክት፣ ያው መልእክት፣ ያው መግቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰላም የሚመጣው ወይም የሚደፈርሰው መግቻው በማን ውስጥ እንደሚገኝ ታይቶ ነው።

ወደ ኩላሊት ሲመለሱ የሶክስ ነገር እንደገና ብቅ ይላል። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት በስኳር በሽታ በተጎዳ ኩላሊት ውስጥ የፋቂው የኤፍ ቲ ኦ መጠን ዝቅ ብሎ መገኘቱን፣ በዚህም የተነሣ ሶክስ 1 የተባለው መግቻ መልእክት በምልክቱ ተሸፍኖ መመናመኑን፣ የጃክና የስታት ቅብብሎሽም ሳይገታ ብግነትን መመገቡን ገልጿል፤ የስኳር በሽታ በዘር ባላቸው አይጦች ኩላሊት ውስጥ ኤፍ ቲ ኦ እንዲጨምር ሲደረግም ብግነቱ ቀንሷል። በዚህ አተያይ የኩላሊቱ ሕዋስ ዘረ መሉ አልተበላሸም፤ መግቻውን እንዲሠራ የሚያዘው መልእክትም ተጽፏል፤ ችግሩ ምልክቱን የሚፍቀው ፕሮቲን በማነሱ መልእክቱ ከሥራ በፊት መፍረሱ ነው።

በዚያው ዓመት በፖዶሳይት ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተመሳሳይ ጉዳት በተቃራኒ አካሄድ ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል። ስኳር በበዛበት ሁኔታ በፖዶሳይት ውስጥ ጸሐፊው ሜትል 3 ይጨምራል፤ ቲምፕ 2 በተባለው ፕሮቲን መልእክት ላይም ምልክት ይበዛል፤ ይህን መልእክት የሚይዘው አንባቢ ግን ከአጽናኞቹ ወገን የሆነው አይ ጂ ኤፍ 2 ቢ ፒ 2 ስለሆነ ቲምፕ 2 ከመመናመን ይልቅ ይበረክታል፤ ኖች የሚባለውን የምልክት መሥመር ያነቃል፤ ብግነትና የሕዋስ ሞትም ይከተላሉ። ሜትል 3 ከፖዶሳይታቸው ብቻ እንዲወገድ የተደረጉት የስኳር ሕመምተኛ አይጦች ኩላሊት በአንጻሩ የቀነሰ ጉዳት አሳይቷል። በአንዱ ሁኔታ ምልክቱ የመግቻውን መልእክት ያጠፋል፣ በሌላው የአባባሹን መልእክት ያጸናል፤ ሁለቱም መንገዶች የሚገናኙት በተጎዳው ማጣሪያ ላይ ነው።

ኤም 6 ኤ ብቸኛው ምልክት አይደለም። ከመልእክተኛው ሌላ አሚኖ አሲድን ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚያጓጉዝ፣ አጓጓዥ አር ኤን ኤ የሚባል ዓይነት አለ፤ ሲ ዲ ኬ ኤ ኤል 1 የተባለው ዘረ መል ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጋር ዝምድና እንዳለው በ2007 ከታወቀ በኋላ፣ በጃፓን የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 የዚህ ዘረ መል ፕሮቲን በአጓጓዡ ላይ ምልክት እንደሚያኖር፣ ምልክቱ ሲጓደልም የኢንሱሊን ቅድመ ውህድ በስሕተት እንደሚሠራ አረጋግጠዋል። ይህ የሚያሳየው የአር ኤን ኤ ምልክት ጉድለት በስኳር በሽታ መዘዝ ላይ ብቻ ሳይሆን በመነሻው ላይም እጁ እንዳለበት ነው።

ሌላው ዘርፍ ሰውነት የራሱን አር ኤን ኤ ከቫይረስ አር ኤን ኤ የሚለይበት መንገድ ነው። አዳር 1 የተባለው ኢንዛይም በሰውነት አር ኤን ኤ ውስጥ ያለውን አዴኖሲን ወደ ኢኖሲን ይለውጣል፤ ይህ ለውጥ ሲጎድል የሕዋሱ ዘቦች የገዛ አካላቸውን አር ኤን ኤ እንደ ቫይረስ ቆጥረው ኢንተርፌሮን የተባለውን የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን ያስነሣሉ። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይዝማን በ2005 በቤተ ሙከራ የተሠራ አር ኤን ኤ ላይ እንደ ሱዶዩሪዲን ያሉ የተለወጡ ፊደላት ሲገቡ በሽታ የመከላከል ሥርዓት በእጅጉ እንደማይቆጣ ያሳዩት በዚሁ መርሕ ነው፤ ግኝታቸው የኮቪድ 19 ክትባቶችን አስችሎ በ2023 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ይህ መርሕ ለሕክምናው ፍለጋ ማስጠንቀቂያም ነው። ሜትል 3ን የሚያግድ ኤስ ቲ ኤም 2457 የተባለ ውህድ በ2021 በአይጦች ላይ የደም ካንሰርን ማዳከሙ ተዘግቦ፣ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ሌላ ውህድም በሰዎች ላይ በካንሰር ሙከራ ገብቷል። ይሁንና ሜትል 3 ሲታገድ በሕዋሱ ውስጥ ድርብ አር ኤን ኤ ተከማችቶ የኢንተርፌሮንን ማንቂያ እንደሚያስነሣ ታውቋል፤ በካንሰር ሕክምና ይህ መነቃቃት የሚፈለግ ሲሆን፣ በብግነት በተጠቃ ኩላሊት ግን የማይፈለገው እሱው ነው። የተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳቱ ነገር ሲታከልበት፣ መላ አካልን የሚያዳርስ አጋጅ እንክብል ለስኳር ኩላሊት ሕመም ይሆናል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል፤ የሚሻለው አቅጣጫ መድኃኒቱን ወደ ፖዶሳይት ወይም ወደ አንድ የተወሰነ መልእክት ብቻ የሚያደርስ ዘዴ መፈለግ ነው።

በማስረጃዎቹም ላይ ልክ ሊበጅ ይገባል። ከተጠቀሱት የኩላሊት ግኝቶች አብዛኞቹ የመጡት ከአይጦችና በሳሕን ላይ ከሚያድጉ ሕዋሳት ነው፤ ከሰው የሚወሰድ የኩላሊት ናሙና ደግሞ ፖዶሳይትን፣ የቱቦ ሕዋስን፣ ማክሮፌጅንና ቲ ሕዋስን ደባልቆ የያዘ ስለሆነ፣ በጠቅላላው የሚለካው የምልክት መጠን የማን እንደሆነ አይለይም። የሶክስ ታሪክ እንዳሳየው ይህ ልዩነት ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም፤ ጥቅምና ጉዳት የሚለዩበት ነው።

ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ ጉዳቱ ስለሚቀጥልበት ነገርም ጥርጣሬው የሚያመራው ወደ እንዲህ ዓይነት ምልክቶች ነው። በአሜሪካና በካናዳ ከ1983 እስከ 1993 በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ በተያዙ 1,441 ሰዎች ላይ የተካሄደው ታላቅ ሙከራ ከተጠናቀቀ በኋላ በጥብቅ ቁጥጥርና በተለመደው ሕክምና ሥር የነበሩት የሁለቱ ምድቦች የስኳር መጠን ተቀራረበ፤ ነገር ግን ቀድሞ ስኳራቸው በጥብቅ የተያዘላቸው ሰዎች ኩላሊት ከብዙ ዓመታት በኋላም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። አካል ያለፈውን ስኳር የሚያስታውስ ይመስላል፤ ለዚህ ትውስታ በዲ ኤን ኤ ላይና ዲ ኤን ኤ በተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ላይ ያሉ ምልክቶች እስካሁን የተሻለ ማስረጃ አላቸው፤ አር ኤን ኤ ራሱ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ድርሻው ሊሆን የሚችለው በጸሐፊዎቹና በፋቂዎቹ መጠን በኩል ነው። በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የስኳር በሽታ በርክቶ መገኘቱ በ1988 ተዘግቦ ነበር፤ ይህ የአር ኤን ኤ ምልክት ማስረጃ ባይሆንም፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊለወጥ የማይችለው ዘረ መል ሳይነካ ኑሮ ብቻ ሲለወጥ ሕመሙ ምን ያህል ሊፋጠን እንደሚችል ያመለክታል።

ምርምሩ በዚህ ደረጃ ላይ እያለ በሐኪሞች እጅ ያለው ሕክምና ባዶ አይደለም። ካፕቶፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ ኩላሊትን እንደሚጠብቅ በ1993 ታይቷል፤ ሎሳርታን በ2001 ለሁለተኛው ዓይነት ተከተለ፤ ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት እንደ ካናግሊፍሎዚን ያሉ እንክብሎች በ2019፣ ፊነሬኖን በ2020፣ ሴማግሉታይድ ደግሞ በ2024 በትላልቅ ሙከራዎች የኩላሊትን መውደቅ እንደሚያዘገዩ ተረጋግጧል። እነዚህ ሁሉ የተሻለ ጥቅም የሚሰጡት ማጣሪያው ብዙ ሳይጠፋ ሲጀመሩ ስለሆነ፣ የሕክምና መመሪያዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የተያዘ ሰው ሕመሙ ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ፣ በመጀመሪያው ዓይነት የተያዘ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በየዓመቱ ሁለት ነገሮች እንዲለኩለት ያዛሉ፤ አንደኛው በደም ውስጥ ያለው፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ክሬያቲኒን የተባለ ቆሻሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን ነው። አልቡሚኑ በሽንት ውስጥ ላለ አንድ ግራም ክሬያቲኒን 30 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ ቢያንስ ለሦስት ወራት መቆየቱ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ፣ ታማሚው ምንም ሕመም ባይሰማውም፣ ኩላሊቱ መጎዳት እንደጀመረ ይቆጠራል።